ነፋሱ ገብቶ ደሙ ሲቀር

ቢቸና ላይ ሰው ድንገት ደረቱን ይዞ ቁጭ ሲል ከሐኪም በፊት ጎረቤት ይመረምረዋል። «መጋኛ ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ ላቡ ሳይደርቅ ወጥቶ ብርድ ወጋው» ይላል ሌላው። ትንሽ ፊደል የቆጠረው «ሳንባ ምች» ይላል። ሦስቱም በሽታውን ከውጭ ወደ ደረት ያስገቡታል። ከእግር ተነሥቶ፣ በሆድ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ልብን አልፎ ሳንባ ላይ ለሚሰነቀር የረጋ ደም ግን ጎረቤት ስም የለውም።

*

ሳንባን እንደ ገበያ አስቡት። አየር ሻጭ ነው፣ ደም ገዢ። ሻጩ በአፍንጫ ወርዶ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ደጅ ኦክስጅኑን ያራግፋል። ገዢው ከልብ ቀኝ ክፍል እየተገፋ በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ይመጣል። የደም ቧንቧው ሲደፈን ሻጩ እንደ ወትሮው ይደርሳል፤ ገዢው መንገድ ላይ ቀርቷል። አየሩ ገብቶ ሳይሸጥ ይመለሳል። በሽተኛው በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ቢተነፍስ እንኳ የጎደለው ትንፋሽ አይደለምና አይጠግብም።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ሲያሳርፍ ብዙ ጊዜ የጠራ ድምፅ ይሰማል። ራጁም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ተመስገን፣ ሳንባው ደህና ነው» ብሎ ወደ ቤት ይነሣል። ከሁሉ የምፈራው ያንን ተመስገን ነው። ትንፋሹ ያጠረ ሰው ሳንባው የጠራ ከሆነ መጽናኛ ሳይሆን ጥያቄ ነው መሆን ያለበት።

በዚያ ሰዓት የሚደክመው የልብ ቀኝ ክፍል ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሥራው ለስለስ ባለ ግፊት ደምን ወደ ሳንባ ማሳለፍ ነበር። አሁን የተዘጋ በር ይገፋል። በዚህ በሽታ ሰው ቶሎ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልብ ተሸንፎ ነው።

*

የሞጣ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ ተሻጋሪው ለብዙ ዓመት በገመድ ሲሳሳብ ኖሯል። ሰውነትም የራሱ ገመድ አለው፤ የረጋውን ደም ቀስ እያለ የሚያሟሟው ራሱ ነው። ሄፓሪን የሚባለው መርፌ አያሟሟም፤ በረጋው ላይ ሌላ እንዳይደረብ ይከለክላል እንጂ። ለዚህ ነው ጥርጣሬው የበረታ ሐኪም፣ የሚከለክለው ነገር ከሌለ፣ የሲቲ ስካኑን ምስል ሳይጠብቅ መርፌውን የሚጀምረው። ባሕር ዳር ድረስ ሪፈር ለሚጻፍለት የሞጣ በሽተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

*

«ረጋ ያለ ሰው» ሙገሳ ነው። የረጋ ወተት ምግብ ነው። ልጅ ሲቅበጠበጥ «ርጋ!» እንለዋለን። ይህ ሁሉ ምርቃት ያለበት ቃል ደም ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚገለበጠው።

*

አራስ ቤት ገብቼ «ተነሺና ትንሽ ተራመጂ» ብዬ አውቃለሁ። የአራሷ እናት ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። «ልጄ፣ አጥንቷ ገና አልገጠመም!»

ገንፎው፣ እንክብካቤው፣ ከሥራ ማረፉ ወርቅ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የወላድ ደም ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በምጥ ጊዜ ፈሶ እንዳያልቅ ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት ይፈጥናል፤ ይህም ወልዳ እንደተገላገለች አይቆምም። ከፍተኛው አደጋ ያለው ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ከ40 ቀን ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ልጁን የምንቆጥርለትን ቀን ለእናቲቱም ባት ብንቆጥርላት ምን ነበረበት?

*

እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሰው ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ፣ ሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባለው የአስከሬን መርማሪ ቦምብ ሳይነካቸው ድንገት የሚሞቱ ሰዎችን አስተዋለ፤ ሳንባቸው ውስጥ የረጋ ደም አገኘ። የወንበሩ እንጨት ጭናቸውን ከሥር ተጭኖት አድሯል።

ከሞጣ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ዱካ ላይ ተቆልምሞ የሚሄደውን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል። ረዳቱ ሲያስወርደን ሽንት ቤት ያልሄደ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ እንደ ሞኝ አስፋልት ዳር እንጎራደዳለሁ።

*

ትንፋሽ ሲያጥር «ከፍታው ነው» የሚለው ሌላው ማምለጫ ነው። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ደገኞች ደም ውስጥ በአማካይ 95.3 በመቶ የኦክስጅን ሙሌት ተለክቷል። የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንም እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ አላለም። እንግዲህ ጣት ላይ የገባችው መለኪያ ለቢቸና ሰው 84 ካለች ተራራውን አንክሰስ።

*

ዋርፋሪንን «የደም ማቅጠኛ» እንለዋለን። ደም አያቀጥንም፤ እንዳይረጋ ያዘገያል። ከአሜሪካ የመጣ ታሪክ አለው፦ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ ሲያልቁ ምክንያቱ ተፈለገ፣ ከዚያ የአይጥ መርዝ ሆነ፣ ከዚያ መድኃኒት። ለእኛ ግን ጣጣው ጎመን ነው። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክማል። በፍስክ ጎመን የማይነካ ሰው ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ከበላ ልኩ ይዛባል። «ጎመን አትብላ» ማለት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ መጠኑን እኩል አድርጎ መብላት፣ ካልሆነም ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪም መንገር ነው።

*

ምሥራቅ ጎጃም ዝሆኔ የሚበዛበት አገር ነው፤ ያበጠ እግር ማንንም አያስደነግጥም። ዝሆኔ ግን በዓመታት ነው የሚያብጠው። ደም የረጋበት እግር በቀናት፣ ብዙውን ጊዜ ባንድ ወገን ያብጣል፤ ይሞቃል፣ ያማል።

አንዲት ነርስ ትንፋሽ ያጠረውን ገበሬ «አያ፣ እስቲ እግርዎን» ስትለው ወንድሙ ተቆጣ፤ «ደረቱን ነው ያመመው፣ እግሩን ማን አለሽ!» አለ። ጋቢውን ገለጠችው። ቀኝ እግሩ ኮንጎ ተጫምቷል። ግራው ባዶ ነው፤ ኮንጎው ከአምስት ቀን ጀምሮ አልገባ ብሎት በብብቱ ይዞት ነበር።