በጥላ የቀረውን ወደ ብርሃን



ከመቂ ወደ ደቡብ ተጉዛችሁ በባቱ፣ በቀድሞዋ ዝዋይ፣ ሐይቅ ዳር ብትቆሙ፣ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ሲያጸዱ አባ ኮዳ ትርፍራፊውን ሲጠብቅ ታያላችሁ። ራሱ መላጣ ነው፤ ከአንገቱ ሥር ከረጢት ተንጠልጥሏል። እግሩ ነጭ ቢመስልም ቀለሙ ጠቆር ያለ ነው፤ ያነጣው ሙቀት ለማብረድ በላዩ የሚለቀው ኩስ ነው።

ይህን ወፍ በስልኬ አንስቼ ስናፕሲድ በሚባለው ፕሮግራም ማስዋብ እወዳለሁ። እናንተም ብትሞክሩት፣ በቅድሚያ በቀትር ፀሐይ የነጣውን ሰማይ ጥቂት አደብዝዙ፤ በጥላ የጠቆረውን ክንፍም ጥቂት አብሩ። ያን ጊዜ ተደብቆ የነበረው ላባ አንድ በአንድ ይታያል። ቀጥሎ የፎቶውን ዝርዝርና የብርሃን ልዩነት የሚያጎላውን «ድራማ» የተባለውን ፊልተር ስትጨምሩ ኃይሉን ቀንሱት፤ ሲበዛ ላባው ይሻክራል። በመጨረሻም ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር አስተያዩት። የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ዓሣ አጥማጁ ቢያየው «ይህማ የእኛ አባ ኮዳ ነው» ይላል? መላጣውንና ከረጢቱን ካጠፋንበት ሌላ ወፍ ሠርተናል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ትዳራችንንስ ለሰው የምናሳየው እንዴት ነው? ከመጋቢ ቤት ብዙዎች የሚጠብቁት እንከን የሌለው ኑሮ ነው። ለምክር የሚመጡ አዲስ ተጋቢዎች «እንደ እናንተ መሆን አቃተን» ሲሉኝ፣ እኔና ባለቤቴ እንደምንኮራረፍ፣ በገንዘብም እንደምንከራከር፣ ከዚያም ተንበርክከን እንደምንታረቅ እነግራቸዋለሁ። ያኔ ፊታቸው ይፈታል።

ፍቅር ኃጢአትን እንደሚሸፍን በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥8 ተምረናል። የሚሸፍን ግን ጉድለቱን አይቶ ይቅር ያለ ሰው ነው። ባልዋ እየደበደባት «ሰላም ነን» የምትል እህት ጉዳቷን ብቻዋን ተሸክማለች። እባክሽ እህቴ፣ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፤ ቤተ ክርስቲያንም ትስማሽ፣ ትጠብቅሽም።

እናንተ ባለትዳሮች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ፣ ከአጋራችሁ ሳይመሰገን የቀረ አንድ መልካም ነገር ፈልጉና በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። የሌለውን አትጨምሩ፤ ያለውን ወደ ብርሃን አውጡት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።