ራሱን የጠራ ማሽን

እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ቤይሩት ያለችው እህቴ የምትደውልበት ሰዓት ደርሷል፤ መስመሩ ግን የለም።

በጥቁሩ መስኮት «ፒንግ 127.0.0.1» ብዬ ጻፍሁ። ማሽኑ ራሱን ጠራ፤ ራሱም መለሰ። (ግጥም ጽፎ ለራሱ የሚያነብ ሰው ይህን ያውቀዋል።) አድራሻውን ብመለከት በ169.254 ይጀምራል፤ አድራሻ የሚሰጠው ያጣ ኮምፒውተር ለራሱ የሚያወጣው ቁጥር ነው። እንግዲያው ችግሩ ባሕር ማዶ ሳይሆን እዚሁ፣ በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል ነው።

«አልመጣችም?» አለች እናቴ።

«ትመጣለች፣ እማዬ።»

ለካ አመሻሽ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ደንዝዞ ቀርቶ ኖሯል። ከሶኬቱ ነቅዬ እስከ 30 ቆጠርሁ፤ መልሼ ሰካሁት። አድራሻው 192.168 ብሎ ተስተካከለ። ሰዓቱ ግን አልፏል፤ አሠሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት በሳምንት አንድ ቀን ነው።

እናቴ ነጠላዋን ሳታወርድ ተቀምጣ ቆየች።