እርጉዝ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ኖርዳው ባሕር

ሙቀቱ መጣ። ቤታችሁ ውስጥ ስድስት ሰባት ወር የሆናት ልጅ ወይም ምራት ካለች፣ ይህ ሙቀት ከሁላችሁ ይልቅ የሚበረታው በእሷ ላይ ነው። እግሯ ያብጣል፣ ወገቧን ይይዛታል፣ ሌሊት በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ግራ ይገባታል። ውሃ ውስጥ ስትገባ ግን ውሃው ሆዷን ይሸከምላታል፤ ወገቧ ያርፋል፣ እግሯ ይቀላታል። እሷም ይህን ስለምታውቅ «ባሕር ልሂድ» ትላለች። እናት ደግሞ «ይህን ሆድ ይዘሽ፣ ራቁትሽን፣ ሰው ፊት?» ትላለች። ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል፤ ልጅቷም አኩርፋ ማዝጋን ሥር ትተኛለች።

እንግዲህ ዛሬ የምንወስዳችሁ እናትም ልጅም ሳይጣሉ ወደሚሄዱበት ቦታ ነው። ቦታው ቴል አቪቭ ውስጥ ያለው ሖፍ ኖርዳው ነው። ከሂልተን ሆቴል በስተሰሜን፣ ከትልቁ መንገድ ወደ ባሕሩ ወረድ ሲሉ ይገኛል። ዙሪያው የታጠረ ስለሆነ ከውጭ የሚያልፈው ሰው ውስጥ ያለውን አያይም። ሖፍ ኒፍራድ፣ ማለት ወንድና ሴት ለየብቻ የሚገቡበት ባሕር ዳርቻ ነው። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች ቀን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የወንዶች ነው። በሰንበት ቀን ግን ለሁሉም ክፍት ስለሚሆን ያን ቀን ተለይቶ መግባት የለም።

በሴቶቹ ቀን ገብታችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ፣ አንዷ ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች ከነራስ መሸፈኛዋ ማዕበሉ ውስጥ ትቆማለች። ከአጠገቧ ሃይማኖት የማታጠብቅ የሰባ ዓመት ሴት በትንሽ የዋና ልብስ ፀሐይ ትሞቃለች። እርጉዝ አለች፣ አራስ አለች፣ አያት አለች። አንዷ የሌላዋን ልብስ አትቆጣጠርም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ከማማው ላይ የሚጠብቀው ማጺል በሴቶች ቀንም ወንድ ሊሆን ይችላል። ልጃችሁ ይህ የሚከብዳት ከሆነ ልብሷን ስትመርጥ ታስብበት።

ይህ ቦታ ለእኛ እናቶች እንግዳ መስሎ ሊታይ አይገባም። ጎንደር ሳለን መንደራችን ወንዝ አጠገብ የሚሠራው በምክንያት ነበር። ሴቷ ከመርገም ጎጆ ስትወጣ ወንዝ ወርዳ ትጠመቅ ነበር። አራስም ወንድ ከወለደች በአርባኛው፣ ሴት ከወለደች በሰማንያኛው ቀን ገላዋን በወራጅ ውሃ ታጥባ፣ ልብሷን አጥባ ነው ወደ ቤቷ የምትመለሰው። ወንዙ ዳር ወንድ አይመጣም፤ ሴት ከሴት ጋር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስለ ሆዷ መተለቅ የምታፍር ሴት ነበረች? አልነበረችም። ሴት ሰውነቷን የምትሸሽገው ከማያገባው ዓይን እንጂ ከእናቷና ከእህቷ አይደለም። ስለዚህ ልጃችሁን «አትሂጂ» ከማለት «የት እንሂድ?» ማለት ይሻላል። ቦታው ከተስተካከለ የልብሱ ነገር ይቀላል።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። ብዙ እናቶች «ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ወይም ቲሸርት ለብሳ ትግባ» ይላሉ። ሐሳቡ ለጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከእግር ጋር ይጠላለፋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሲረጥብ ከገላ ጋር ተጣብቆ ለመሸፈን የታሰበውን ሆድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለውሃ የተሠራ ጨርቅ፣ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሆኖ ሊክራ ያለበት፣ ውሃ አይዝም፤ ቶሎም ይደርቃል። ሸፈን ያለ የምትፈልግ ልጅ ከዚሁ ጨርቅ የተሠራ እጅጌና ቀሚስ ያለው ታገኛለች። ሱቅ ገብታችሁ «በጌድ ያም ጻኑዓ» ብትሉ ያሳዩዋችኋል።

የወትሮው ዓይነት ልብስ ሁለት ቁጥር ጨምራ እንድትገዛ አትምከሯት። እንዲህ ያለው ልብስ ሆዷ ላይ ይጠብቅና ትከሻዋና ጭኗ ላይ ይንዘላዘላል። ለነፍሰ ጡር ተብሎ የተሰፋው፣ «በጌድ ያም ለሄራዮን» የሚባለው፣ ከሆዱ በኩል ሰፊና የሚለጠጥ ነው። ከጎንና ከጎኑ ሽብሽብ ያለበትን ምረጡ። ሽብሽቡ ሆዱ ሲያድግ እየተፈታ ስለሚሄድ በስድስተኛው ወር የተገዛው በዘጠነኛውም ይሆናል። በላዩ ላይ ደግሞ ያምራል፤ ሆዷን እንደ ተጨናነቀ ሳይሆን እንደ ተያዘ አድርጎ ያሳየዋል።

ጡት በእርግዝና ጊዜ ይከብዳል፤ ያማልም። ስለዚህ ማንገቻው ሰፋ ያለ፣ ከጡት ሥር ሽቦ የሌለው፣ ለስላሳ ግን ደግፎ የሚይዝ ይሁን። አንገት ላይ የሚታሰር ክር ክብደቱን ሁሉ አንገቷ ላይ ስለሚጥል ትተወው። አንድ ወጥ የሆነው ልብስ ጀርባን ይዞ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ነፍሰ ጡር በየሰዓቱ ሽንት ቤት እንደምትሮጥ ታውቃላችሁ። እርጥብ ልብስ ከላይ እስከ ታች ማውለቅና መልሶ መልበስ ሥቃይ ነው። ላዩ ረጅም ሆኖ ሆዱን የሚሸፍን፣ ታቹ ለብቻው የሆነው ለብዙዎቹ ይመቻል። ሱቅ ውስጥ ለብሳ ትቀመጥ፣ እጇን ወደ ላይ ታንሣ፣ ጎንበስ ትበል። ስታወልቀው ላስቲኩ ገላዋ ላይ ቀይ መስመር ከተወ ጠቧታል ማለት ነው።

ስለ ቀለሙ እሷ ትምረጥ። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ሰውነትን ሰብሰብ አድርጎ ያሳያል፤ ቀይ ብትወድም ቀይ ይሁንላት። እናንተን ዓይን የሚያሳስባችሁ ከሆነ መላው አለ፤ ከመኪና እስከ ውሃው ድረስ ሰፊ ቀሚስ ትደርብ፣ ወይም ነጠላዋን ጣል ታድርግበት። ውሃው ጋ ስትደርስ ታቀብላችኋለች። ነጠላውን የሚይዝላት ሰው ካላት ዓይንን የምትፈራበት ምክንያት ምን አለ?

ስለ ባሕሩም ጥቂት እንበል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባል የለ? የእኛ ወንዝ አንድ ነገር ነው፣ የሜዲትራኒያን ማዕበል ሌላ ነገር ነው። ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ መግባት ይቻላል፤ ቀይ ከሆነ አደጋ አለ፤ ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ነፍሰ ጡር በቀይ ባንዲራ ባትገባ ይሻላል። ማጺል በሌለበት ሰዓት ወይም ቦታ ደግሞ ፈጽሞ አትግባ። በሰኔና በሐምሌ ገደማ ሜዱዛ ስለሚመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ይቅርባት፤ በእርግዝና ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣውን ጥቁር ነጠብጣብ ፀሐይ ያብሰዋል። ውሃ ትጠጣ፣ የማያንሸራትት ጫማ ታድርግ። ስትወጣ ጨዉን ታጥባ ደረቅ ልብስ ትቀይር፤ በእርጥብ ልብስ መቆየት ገላን ይልጣል፣ የሴት ብልት ማሳከክንም ያመጣል።

ደም የታያት፣ የእንሽርት ውሃ የፈሰሳት ወይም ሐኪም «ተኚ» ያላት ግን ባሕር ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው የምትሄደው። ፍል ውሃም ሌላ ነው። አገራችን እያለን ፍል ውሃ መድኃኒት ስለሚባል ቲቬሪያ ወይም ሐማት ጋዴር ልውሰዳት የምትሉ አላችሁ። የነፍሰ ጡር ሰውነት ከመጠን በላይ መሞቅ የለበትም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጽንሱ አደገኛ ነው። ፍል ውሃውን ከወለደች በኋላ፣ ሐኪሟን ጠይቃ ትድረስበት።

አባቶች ደግሞ «እኛስ የት እንቀመጥ?» ትሉ ይሆናል። በሴቶች ቀን ልጃችሁንና ባለቤታችሁን በሩ ላይ አድርሳችሁ፣ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ብትራመዱ ከሖፍ ሜጺጺም ቀጥሎ የቴል አቪቭ ወደብ አለ። ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ቡናም አይጠፋም። የእናንተ ቀን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው።

ቴል አቪቭ ለሚርቃችሁ፣ አሽዶድና ናታኒያም ሖፍ ኒፍራድ አለ። ቀኑና ሰዓቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከመነሣታችሁ በፊት ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ፎጣ፣ ውሃ፣ ደረቅ ቅያሪ ልብስና አንድ ነጠላ ያዙ። እናት ሆይ፣ የራስዎንም የዋና ልብስ አይርሱ። ልጅዎ እጅዎን ይዛ ስትገባ እርስዎ አሸዋው ላይ ጫማ አድርገው መቆም አይሆንልዎትም።