የላስታ ክብ ቤቶችና የአንድ ልጅ ንድፍ

በአገራችን እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ፣ የሚጠራው ግድግዳውንና ክዳኑን ሳይሆን በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ የተረዳሁት፣ ከልደት በዓል በኋላ ከእኅቴ ልጅ ጋር ወደ ላሊበላ በሄድሁ ጊዜ ነው።

ልጁ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ደብተርና እርሳስ ከእጁ አይለይም። ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከተሳለምን በኋላ፣ ሌላው መንገደኛ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሲጣደፍ፣ እኛ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ከፊታችን የቆሙትን አሮጌ ቤቶች እንመለከት ጀመር። እነዚህ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብና ባለ ደርብ የሆኑ የላስታ ቤቶች ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ከሩቅ አገር እንኳ ጐብኚ ይመጣላቸዋል፤ በቤቶቹ ፊት ግን የሚቆም ሰው ጥቂት ነው።

ልጁ ወዲያው ክዳኑን መሣል ጀመረ። እኔም፣ «ቤት የሚሠራ ሰው ከክዳን አይጀምርም፤ የሚሥልም እንዲሁ ነው» አልሁት። አሮጌ ቤት ለመንደፍ የሚሻ ሰው አስቀድሞ አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ መሠረቱን ዞሮ ክብ ወይም ማዕዘን ያለው መሆኑን ይለይ። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ይመልከት። ሦስተኛ፣ ክዳኑ የዝናሙን ውሃ ወዴት እንደሚያፈስ ያስተውል። አራተኛ፣ ሰው በየት እንደሚገባና ምድጃው ከወዴት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው የቤቱን ዓይነት ዐወቀ ማለት ነው።

በዚህ መንገድ በሰሜኑ ደጋ ብንዘዋወር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቤቶች እናገኛለን። አንደኛው ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ፣ ክዳኑ በሣር የሚሠራው ክብ ጎጆ ነው፤ የሾለው ክዳኑ ብርቱውን የክረምት ዝናም ፈጥኖ ያወርዳል። ሁለተኛው በትግራይ የሚገኘው ህድሞ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ቅርጹ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ክዳኑ ዝናም ለሚያንስበት አገር የተስማማ ነው። ሦስተኛው የላስታው ቤት ነው፤ ግድግዳው እንደ ህድሞ ድንጋይ፣ ክብነቱና የሣር ክዳኑ እንደ ጎጆ ነው። ወደ ደርቡ የሚያስወጣው ደረጃም በውጭ በኩል ነው።

ልጁ ደረጃው ላይ ሲደርስ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ለምን ከውስጥ አልሠሩትም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ሳልመልስ በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን መስቀላቸውን ካሳለሙን በኋላ፣ «ልጄ፣ ታችኛው የከብት ነው፤ ላይኛው የሰው ነው። ሁለቱ በአንድ በር አይገቡም» አሉት። ልጁም ሣቀና በንድፉ ላይ ሁለተኛ በር ጨመረ።

በማግሥቱ ቤተ አማኑኤልን ለመንደፍ ተመለስን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንዱ ረድፍ ገባ፣ አንዱ ረድፍ ወጣ እያለ የተጠረበ ነው። ልጁም፣ «ይህ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፤ ረድፍ ምን ያደርግለታል?» አለ። መልሱ የሚገኘው ከከተማው ውጭ፣ በዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ግድግዳው በእውነት አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ይህም ከአክሱም ዘመን የተወረሰ ስልት ነው። የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች እንጨት ሳያስፈልጋቸው የእንጨቱን ረድፍ በአለት ላይ ቀረጹት። እነርሱም የቀደመውን ሕንፃ መልክ እንዳይጠፋ የነደፉ ሰዎች ነበሩ፤ ወረቀታቸው ግን ድንጋይ ነበረ።

ከመመለሳችን በፊት ወደ ክብ ቤቶቹ ቀረብን። በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ፣ ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። የሣር ክዳን ደግሞ ከሥሩ እሳት ካልነደደ ዕድሜ የለውም፤ ተባዩን የሚያርቅለት የምድጃው ጢስ ነውና። ክዳኑ ሲበሳ ውሃ ይገባል፤ ድንጋዩን ያያያዘው ጭቃም ይታጠባል። ከአንዱ ደጅ ስንደርስ ከልማድ የተነሣ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። የመለሰልን አልነበረም።

በዚያ ምሽት ልጁ፣ «የአያታችንን ቤት ንገረኝና ልንደፈው» አለኝ። ቤቱ ከፈረሰ ብዙ ዘመኑ ነው። ያደግሁበት ሆኖ ሳለ ምሰሶው ስንት እንደ ነበረ፣ በሩም ወዴት ይመለከት እንደ ነበረ ለመናገር አልቻልሁም፤ አፈርሁም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ለመጪው በዓል ወደ ወላጆቻችሁ አገር ስትወርዱ ለልጆቻችሁ ደብተርና እርሳስ ያዙላቸው። አያቶች ገና በሕይወት ሳሉ ምድጃው ከወዴት እንደ ሆነ፣ ምሰሶውን ማን እንዳቆመው ይንገሩአቸው። ከደጅ ቆመን «ቤቶች!» ስንል «ይግቡ!» የሚለን ሰው ሳለ፣ ያን ጊዜ እንንደፈው።