የደብረ ሊባኖስ ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፥ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታን፥ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን ሲያልፍ ምድሪቱ እስከ ዳርቻዋ ድረስ ሜዳ ብቻ ትመስለዋለች። በግራና በቀኝ የሣር ክምርና የላም መንጋ፥ በመኸርም ጊዜ የጤፍ ማሳ ያያል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ግን ሜዳው ድንገት ያበቃል። ምድር እንደ ተቀደደ ሸማ ተተርትራ፥ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው ጥልቅ ሸለቆ ከእግሩ በታች ይታየዋል። በአፋፉ ላይ ደረታቸው የቀላ ጭላዳዎች ሣር እየነቀሉ ይበላሉ፤ በሸለቆውም ላይ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ያንዣብባል። የደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚገኘው ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ከተወረደ በኋላ፥ በገደሉ ወገብ ላይ ነው።

ነገሥታት ከተማቸውን በአምባ ላይ ይቆረቁራሉ፤ ዙሪያውን ለማየትና ጠላትን ለመከላከል ይመቻልና። ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን በ13ኛው መቶ ዓመት ማኅበራቸውን ሲመሠርቱ፥ ከላይም ከታችም ገደል ባለበት በዚህ ስፍራ ተቀመጡ። ስሙ አስቀድሞ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ በ15ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ወጣ ሲሉ ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ይገኛል። ገድላቸው እንደሚተርከው፥ 22 ዓመት ቆመው ከጸለዩ በኋላ አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያም ወዲያ 7 ዓመት በቀረችው እግራቸው ቆመው ጸለዩ። ሥዕላቸውን በየቤታችን ሰቅለን ስንመለከት ስድስቱ ክንፍ ዐይናችንን ይስበዋል፤ ተቈርጣ የወደቀችውን እግር ልብ ብሎ የሚያያት ግን ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አልዘነጋቻትም። ጥር 24 ቀን የምናከብረው በዓል ስባረ ዐፅም ይባላል፤ ይኸውም እግራቸው የተሰበረበት መታሰቢያ ነው። በዓለም ልማድ ሰው ድል ያደረገበትን ቀን ያከብራል እንጂ፥ አጥንት የተሰበረበትን ቀን በከበሮና በጸናጽል የሚያከብር የት አለ?

በዋሻው ደጅ ጠበል ለመቀበል ተራ ይዘን ሳለን፥ አንዲት እናት መራመድ የማይችል የስምንት ዓመት ያህል ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከፊቴ ቆማ ነበር። ከኋላችን የነበረ አንድ ጎልማሳ፥ በክፋት ሳይሆን ምክር የሰጠ መስሎት፥ «እኅቴ፥ ንስሓ ግቢ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ኃጢአት አይመጣም» አላት። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ጠበሉን የሚያድሉት ሽማግሌ መነኩሴ ሰምተው ኖሮ፥ «ልጄ፥ ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታ ያልፈረደበትን አንተ ለምን ትፈርድበታለህ?» አሉት። እናቲቱ ያን ጊዜ ቀና ብላ፥ «ታዲያ አባቴ፥ ስለ ምን መጣብኝ?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌውም፥ «እኔ አላውቅም፤ ይህ ገዳምም ስለ ራሱ ሲጠይቅ ኖሯል። ነይ፥ መጀመሪያ ልጁ ይጠጣ» አሏት።

ገዳሙ ስለ ራሱ የሚጠይቀው ይህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ፋሺስቶቹ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በተባባሪነት ጠረጠሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፥ ሕዝቡ ግንቦት 12 ቀን ለሚውለው ለጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በዓል በተሰበሰበበት ጊዜ፥ በጄኔራል ማሌቲ የሚመራ ጦር ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱንና እንግዶቹን በካሚዮን ጭነው ላጋ ወልዴ ወደሚባል የወንዝ ሸለቆ ወስደው ረሸኗቸው። ከጥቂት ቀን በኋላም ዲያቆናቱን በደብረ ብርሃን አጠገብ፥ እንገጫ በሚባል ስፍራ ገደሏቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላካቸው ቴሌግራሞች የተቈጠሩት 449 ናቸው፤ በኋላ ዘመን ነገሩን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን ቍጥሩ ከ1,400 እንደሚበልጥ፥ እስከ 2,000 ሊደርስ እንደሚችል ጽፈዋል። ድቁና በአገራችን የልጅነት ማዕርግ ነውና፥ እኔም በልጅነቴ የተቀበልሁት ስለ ሆነ፥ የእንገጫው ነገር ከሁሉ ይልቅ ይከብደኛል።

አንዳንድ ሰባክያን ይህን መከራ ሲያነሡ፥ እግዚአብሔር ሊያጠራን ላከው ይላሉ። እኔ ይህን ለመናገር አልደፍርም። ያዘዘም ሰው ነው፥ ቃታ የሳበም ሰው ነው። ዮሴፍንም ወደ ጕድጓድ የጣሉት ወንድሞቹ ነበሩ፤ ጕድጓዱን እግዚአብሔር አስቈፈረው የሚል መጽሐፍ የለንም። ከጕድጓዱ ተነሥቶ እስከ ግብፅ ጐተራ የሚደርሰው መንገድ ግን የእርሱ ነው፤ ያንንም ዮሴፍ ያስተዋለው በእስር ቤት ሳለ ሳይሆን፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሞቹ በረኃብ ተገፍተው በፊቱ በቆሙ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የታሰረበትን ቤት በታማኝነት ይጠብቅ ነበር።

ደብረ ሊባኖስም እንዲሁ በቀረችው እግሩ ቆመ። የተረፉት ተሰበሰቡ፥ ቅዳሴው ተቀደሰ፥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዘመን ዛሬ በባለ ቀለም መስተዋቱ ብርሃን የሚያስገባው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። የገዳሙ እጨጌ የነበሩት አቡነ ባስልዮስም በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ይህ ለፈሰሰው ደም የተከፈለ ዋጋ ነው አልልም፤ ደም በሹመት አይተመንም። ማኅበሩ ስለ ምን መጣብን የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ፥ የሰዓቱን ጸሎት ግን ሳያስታጕል እንደ ኖረ ብቻ እመሰክራለሁ።

ወደ ማታ ተሳላሚው ሁሉ ወደ ዋናው መንገድ ለመውጣት ተነሣ። መኪና ስላልነበረ ዳገቱን በእግር ጀመርነው። ያችን እናት ከፊታችን አየኋት፤ በአንድ እጇ ጠበል የሞላ ጀሪካን ይዛ፥ ነጠላዋን አደግድጋ ትወጣለች። ልጁ በጀርባዋ አልነበረም። ያ ንስሓ ግቢ ያላት ጎልማሳ አዝሎት፥ ላብ በፊቱ እየወረደ፥ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ልጁም በትከሻው ላይ ሆኖ በገደሉ አፋፍ ያሉትን ጭላዳዎች ይቈጥራል።