በዓሉን ያላወቀ ቆጠራ

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር ከተቀመጠ ወዲህ ቀን መቁጠር የሰው ሥራ መሆኑ የቀረ ይመስላል። ማመልከቻ የገባበትን ዕለትና መልስ እስኪሰጥ የተፈቀደውን የሥራ ቀን ልክ ከነገሩት፥ ቅዳሜንና እሑድን እየዘለለ የቀነ ገደቡን ዕለት ወዲያው ያወጣል። እኛም በአንድ መሥሪያ ቤት የዘገባ ክፍል ተቀምጠን ብዙ ዓመት ይህንኑ ስናሠራው ኖረናል። ዛሬ ለአንባቢ የምንነግረው ግን የኮምፒዩተሩን ፍጥነት ሳይሆን፥ እኛው አሳስተነው በአንዲት ወጣት ሠራተኛ ላይ ያደረስነውን በደል ነው።

በ2012 ዓ.ም. ዓርብ ታኅሣሥ 24 ቀን ሰባት ማመልከቻዎች ወደዚህች ልጅ ጠረጴዛ ደረሱ። በደንባችን መሠረት እያንዳንዱ ማመልከቻ በገባ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ልጅቱ ሰኞ የጀመረችውን ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ቀን ጧት ፈጽማ አስረከበች። በወሩ መጨረሻ ከእኛ ክፍል የወጣው ዘገባ ግን በሰባቱም አንጻር «ዘግይቷል» የሚል ቃል በቀይ አኑሮ ተገኘ። ልጅቱ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፥ የሥራ ቀን ቆጠራ እንጀራዋን በሁለት በኩል ይዞት ነበር ማለት ነው። የክፍሏ ኀላፊ ዘገባውን ተመልክቶ ቅጥሯ እንደማይጸና የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጣት።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ እኛ መጣች። «ጋሼ፥ እኔ በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ ገብቼ ነው የጨረስኩት» አለችን። እኛም ቀና ብለን እንኳ ሳናያት «የቆጠረው ኮምፒዩተሩ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ» ብለን መለስናት። ይህን ቃላችንን ባስታወስን ቁጥር እስከ ዛሬ እናፍራለን።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናታችን ዘንድ ቡና እየጠጣን የሥራ ቤት ወሬ ስናወራ ይህንኑ አነሣን። እናታችን ስኒውን አስቀምጠው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፥ «የዘንድሮ ልደት በስንት ዋለ?» ሲሉ ጠየቁን። «በ29» አልን። «ታዲያ ማክሰኞ ዕለት ከዚህ ገበታ ዶሮ የተበላው በሥራ ቀን ኖሯል?» አሉ። መልስ አጣን። እርሳቸውም እንደ ልጅ ያስቆጥሩን ጀመር። ከጽንሰቱ ከመጋቢት 29 ቀን ተነሥቶ እስከ ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ጳጉሜን አምስት በምትሆንበት ዓመት ቆጠራው ታኅሣሥ 29 ላይ ይደርሳል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን አንዲት ቀን በመካከል ስለምትጨመር፥ በቀጥሎው ዓመት በዘመነ ዮሐንስ ልደት በታኅሣሥ 28 ይውላል። ይህ እኛም በልጅነታችን ከእርሳቸው ጕልበት ሥር ተቀምጠን የሰማነው ነበር።

የስሕተቱ አገባብ እንዲህ ነው። ኤክሴልን የመሰሉ የሒሳብ መሣሪያዎች ቀኖችን የሚይዙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዎርክዴይ የተባለው ቀመር የቀነ ገደቡን ዕለት ሲያወጣ፥ ኔትወርክዴይስ የተባለው ደግሞ በሁለት ዕለታት መካከል ያሉትን የሥራ ቀኖች ይቈጥራል። ሁለቱም በራሳቸው የሚያውቁት ቅዳሜንና እሑድን ብቻ ነው። በዓላት ግን በሰንጠረዥ ተጽፈው ካልተሰጡት ቀመሩ ምንም አያውቅም፤ የተሳሳተ በዓል ከተሰጠውም የተሳሳተውን አምኖ ይቈጥራል።

ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች መስቀልን ሴፕቴምበር 27፥ ልደትን ጃንዋሪ 7 ብለው በሰንጠረዡ ለዘለቄታው ጽፈው ነበር። ነገር ግን በዘመነ ዮሐንስ መስከረም 17 የሚውለው በሴፕቴምበር 28 ነው። በ2008 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ሰኞ ውሎ ሳለ ኮምፒዩተሩ እንደ ሥራ ቀን ቈጥሮታል። ይህን በ2009 ዓ.ም. ስንደርስበት፥ «የአገራችንን በዓል በአገራችን አቆጣጠር መጻፍ ይገባል» ብለን፥ እውነቱን ለመናገር በመጠኑም ኰርተን፥ በዓላቱ ሁሉ በኢትዮጵያ ቀን ገብተው ወደ አውሮፓው እንዲመለሱ አደረግን። መስቀል ተስተካከለ። ልደትንም ታኅሣሥ 29 ብለን አስገባን። ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። በአራተኛው ዓመት፥ ጃንዋሪ 7 እንደ ተባለ ቢተው ኖሮ ትክክል ይሆን የነበረውን በዓል እኛ በማረማችን አበላሸነው፤ ማክሰኞ የሥራ ቀን፥ ረቡዕ በዓል ሆነው ተቈጠሩ፤ የልጅቱም ቀነ ገደብ በልደት ዕለት ላይ ወደቀ።

ሰኞ ጧት የስሕተቱን ምክንያት በጽሑፍ አድርገን ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀረብን። የክፍሉ ኀላፊ ደስ ባይለውም ደብዳቤው ተሻረ። የዓመቱን ዘገባ በሙሉ እንደ ገና ስናሰላ እንዲሁ የተበደሉ ሌሎች ሁለት ሠራተኞች ተገኙ፤ እነርሱ ግን ተግሣጹን ተቀብለው ዝም ብለው ነበር። ልጅቱን ይቅርታ በጠየቅናት ጊዜ፥ «እኔን ያስጨነቀኝ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር» አለችን እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ የበዓላቱን ሰንጠረዥ ለአንድ ጊዜ ጽፈን አንተወውም፤ ጳጉሜን በገባች ቁጥር የመጪውን ዓመት ብቻ ተቀምጠን እንሞላለን። ስቅለትን ከባሕረ ሐሳብ እናወጣለን፤ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 10፥ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 2 ቀን ነበር። ፋሲካ ዘወትር እሑድ ስለሚውል ለሥራ ቀን ቆጠራ ለውጥ አያመጣም፤ ቀመሩን ትተው በእጃቸው የሚያሰሉ ሰዎች ግን እሑድን ከቀነሱ በኋላ ፋሲካን ደግመው ሲቀንሱ አይተናል። የእስላም ወገኖቻችን በዓላት ዓመታቸው በጨረቃ 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ በየዓመቱ ወደ ፊት ይቀድማሉ፤ ዒድ አልፈጥርም ጨረቃ እስክትታይ ድረስ ቍርጡ ስለማይታወቅ፥ በሰንጠረዡ «የሚጠበቅ» እና «የጸና» የሚሉ ሁለት ዐምዶች አበጅተንለታል። ከጸና በኋላ ቀነ ገደቡ ለባለ ጉዳዩም ሆነ ለሠራተኛው ቢረዝም ይረዝማል፤ አስቀድሞ የተነገረውን ማሳጠር ግን ከለከልን።

ቅርንጫፎችም እንዲሁ በአንድ ሰንጠረዥ የሚገዙ አይደሉም። ሐዋሳ ያሉት ባልደረቦቻችን የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን ያከብራሉ፤ ዕለቱ የሚታወቀው ከዋክብትን በሚመለከቱ ሽማግሌዎች ነው። ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን የሚሠሩ ቅርንጫፎችም አሉ፤ ለእነርሱ እሑድን ብቻ የሚዘልለውን ሌላውን ቀመር እንጠቀማለን፤ ግማሽ ቀንን እንደ ሙሉ ቀን ስለሚቈጥር ግን እስከ አሁን ከልባችን አልወደድነውም። አንድ ባልደረባ የጥር 12ን ቃና ዘገሊላ እንድናስገባ ለምኖን ነበር። በሕግ የተዘጋ ቀን ስላልሆነ አላስገባንም። እናታችን የሚያከብሩትን ሁሉማ ብናስገባ፥ ሚካኤልና ገብርኤል፥ ማርያምና መድኃኔ ዓለም ተደማምረው ለሥራ የሚተርፍ ቀን ባልኖረ ነበር።

በ2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ተመልሶ ይመጣል፤ ልደትም ዓርብ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በዚያን ጊዜ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል፥ ጳጉሜንን ሳንጠብቅ ይህን አንዱን በዓል አስቀድመን ጽፈነዋል። በማስታወሻውም ዐምድ «ከመጋቢት 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለውን እናታችን እንደ ነገሩን አኑረናል።