ከክንዱ ጋር ራሱንም ለኩልኝ

እዚህ ሜሪላንድ ሕፃን ለክትባት ሲወሰድ ነርሷ ከመርፌው በፊት ሜትር ታወጣለች። በግንባሩና በራሱ የኋላ ጉብታ ላይ አዙራ ለክታ ቁጥሩን በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ታሰፍራለች። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይህ አይቀርም። ሲወለድ 35 ሴንቲሜትር ገደማ የነበረ ራስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል። መስመሩን ጥሶ ሽቅብ ከሄደ ሃይድሮሴፋለስ ይጠረጠራል፤ በአንጎል ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ይሆናል።

አገር ቤት፣ ጎበሳም መለኪያ አይጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የሕፃን ክንድ ሲለኩ ማን ይስተካከላቸዋል? ራስ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው እናት «አበጠብኝ» ብላ ስትመጣ ነው። ያኔ እርግብግቢቱ ተወጥሯል፣ ዓይኖቹም ቁልቁል አዘቅዝቀዋል። በ45 ቀኑ ክትባት ቢለካ ኖሮ!

ቀዶ ሕክምናው እንኳ ደርሶልናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ያሠለጥናል፤ ዘውዲቱ ሆስፒታልም ብዙ ሕፃናትን ያክማል። የሚቀረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሸንት የሚባለው ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ተነሥቶ ከቆዳ ሥር እየወረደ ውኃውን ሆድ ውስጥ ያፈሳል። ይደፈናል፣ ይበጠሳል፣ ይመረቅዛል። በሀብታም አገር እንኳ ከሦስት ሕፃናት የአንዱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻል።

እዚህ ወላጅ «ሸንት አለው፣ ያስመልሰዋል» ካለ ልጁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ጎበሳ ላይ ማስመለስ የሆድ ነገር ነው፤ ኦአርኤስ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ጠበል የሚጠመቅም አለ። ሌሊቱ ያልፋል። ጎበሳ ቀርቶ ከአሰላ እንኳ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለዚህም ነው ኡጋንዳ፣ ምባሌ ላይ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ያስፋፋው መንገድ የሚማርከኝ፤ ያለ ቱቦ፣ በኢንዶስኮፕ አዲስ የውኃ መውጫ መክፈት። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የ100 ሕፃናት ጥናት ከዓመት በኋላ በአእምሮ እድገት ረገድ ከሸንቱ ጋር ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የተከፈተው መውጫም ሊደፈን ይችላል፤ ግን ገጠር ውስጥ ዕድሜ ልክ ቱቦ ከመጠበቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

እኛ ውጭ ያለነው ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ስናዋጣ እጃችን ፈጣን ነው፤ ቱቦው ሲበላሽ ወደ ሆስፒታል ለመመለሻው ትራንስፖርት ግን ማንም አይጠይቀንም። ከመዋጮው ጋር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ወረቀት እናት ኪስ ይግባ፦ «ይህ ልጅ ራሱ ውስጥ ቱቦ አለው። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ ካተኮሰው ወይም በቱቦው መስመር ላይ ቆዳው ከቀላ ዛሬውኑ ይላክ።»